ዲስክ ብቻውን ፍሬን አይሆንም

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ውጭ አገር ያለ ወንድሙን ወይም እህቱን ከሚጠይቃቸው ዕቃዎች አንዱ የፊት ዲስክ ፍሬን ነው። ሁለት ክብ ብረት፣ ሁለት ካሊፐር፣ አራት ሸራ፣ ሁለት ማቀፊያ ብረትና ጥቂት ቡሎን በጨርቅ ተጠቅልለው በሻንጣ ይገባሉ። ጋራዡ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ የፍሬን ዘይት ሞልቶ አየሩን ያወጣል። ባለቤቱም ማታ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል የሚያብረቀርቀውን ዲስክ እያየ፣ መኪናው ከእንግዲህ እንደ ዘመኑ መኪና እንደሚቆም አምኖ ይተኛል። እምነቱ ግማሹ እውነት ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው መንገድ ላይ በታወቀ ነበር።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ ምርቱን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በጀርመን ምድር ማምረቱን ያቆመው ደግሞ ከዚያ 25 ዓመት ቀደም ብሎ በ1978 ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ካሉት ብዙዎቹ ከዚያም የሚቀድሙ፣ ከንጉሡ ዘመን የተረፉ ናቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያለውን መኪና ጠግኖና አሻሽሎ ማቆየት የትዝታ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የኪስ ጉዳይም ሆኗል። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ በልክ ተሠርቶ የሚገጠም ፍሬን እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባውም። ፋብሪካው በብዙ ሙከራ ያጸደቀውን የደኅንነት ክፍል አንድ መካኒክና አንድ የቶርኖ ባለሙያ በራሳቸው ኃላፊነት እንደ አዲስ እየሠሩት ነውና፣ በዚያው ልክ ሊመዘን ይገባዋል።

ብዙ ሰው ዲስክ መኪናን ቶሎ ያቆማል ብሎ ያምናል። መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ግን ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይል ነው። በደንብ የተስተካከለ ጤነኛ ታምቡር የቮልስን ጎማ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ አያንሰውም፤ ጎማው አንዴ ከተቆለፈ በኋላ የሚጨመር ኃይል ትርፉ ጎማ መፋቅ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ የጎማው መያዝ የክብደቱን 70 በመቶ ያህል ቢሆን፣ ለመቆም 20 ሜትር ግድም ያስፈልገዋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፔዳሉ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ ደግሞ መኪናው በዚያች ቅጽበት ብቻ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እነዚህን ቁጥሮች ዲስክ አይለውጣቸውም። ‹ዲስክ ካስገጠምኩ ወዲህ መኪናዬ ቀጥ ይላል› የሚለው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ዓመት የሠራን፣ ሸራው ያለቀንና ሲሊንደሩ የዛገን ታምቡር ከአዲስ ዕቃ ጋር ያወዳደረ ነው። ያው ሰው አዲስ ሸራ አስገብቶ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት አስልኮ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እጅግ ባነሰ ነበር፤ ወጪውም እንዲሁ።

ታዲያ ዲስክ ምን ይጨምራል? መልሱ ሙቀት ላይ ነው። ፍሬን የመኪናን ፍጥነት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቮልስ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ ድንገት ቢቆም ወደ 347,000 ጁል የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ለየትኛውም ፍሬን ቀላል ነው። አራት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የፊት ዲስክ ድርሻውን ወስዶ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ቢል ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። 900 ኪሎ ግራም ከ1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 8.8 ሚሊዮን ጁል ግድም ነው፤ ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ በተከታታይ ከመቆም ጋር እኩል ነው፤ ወይም 26 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከያዘውና ነፋሱ ከወሰደው የተረፈው ሁሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። ሙቀቱ በዝግ ዕቃ ውስጥ የታፈነ ስለሆነ ለመውጣት ጊዜ ይፈጅበታል። ዲስክ በአንጻሩ በነፋስ መካከል ራቁቱን የሚሽከረከር ብረት ነው፤ ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ ከሸራው አይሸሽም። በክረምት ኩሬ ያቋረጠ ታምቡር ውኃ ይዞ ለጥቂት ጊዜ እንደ ሳሙና ሲያንሸራትት፣ ዲስክ ውኃውን በሽክርክሪቱ አራግፎ ወዲያው ይይዛል። ከደጀን ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ወይም የክረምትን ጎርፍ የሚያቋርጥ ባለ ቮልስ ለዲስክ የሚከፍለው ገንዘብ ትርጉም አለው። ከቦሌ እስከ ፒያሳ ብቻ የሚነዳ ሰው ግን ትርፉን ቢፈልገው በቀላሉ አያገኘውም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። በዜናውም በወሬውም ‹ፍሬን በጥሶ› ይባላል። በቁልቁለት ላይ ከሚደርሱት ከእንዲህ ያሉ አደጋዎች ግን ምንም ነገር ሳይበጠስ የሚደርስም አለ፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል። በብዛት የሚሸጠው ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠገበ በኋላ ግን ወለሉ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ፈሳሽ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፤ ጎማው ላይ ምንም አይደርስም። በውድ ዲስክ ላይ አሮጌ ዘይት የሞላ ሰው ታምቡሩን ጠብቆ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ከሚለውጥ ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ዲስክ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ሐሳቡ ዓለምን ያሳመነው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1953 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ዲስክ የገጠመው ጃጓር ሲያሸንፍ ነው። ጃጓሩ ድል ያደረገው አንድ ጊዜ አጭር ርቀት ላይ በመቆም አልነበረም፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት በየዙሩ ያው ሆኖ በመቆሙ ነው። ሲትሮዌን ዲ.ኤስ. በ1955 ከፊት ዲስክ ይዞ ለገበያ ወጣ። ቮልስዋገንም ራሱ በ1966 አጋማሽ ለአውሮፓው ቮልስ 1500 እና ለካርማን ጊያ የፊት ዲስክ አቀረበ። ስለዚህ ቮልስ ላይ ዲስክ መግጠም ከተፈጥሮዋ ውጭ አይደለም፤ ወላጆቿ አስበውበታል። ሲያስቡበት ግን ዲስኩን ብቻ አልጨመሩም። ዋናውን የፍሬን ፓምፕ፣ ቸርኬውን፣ ጎማውን የሚሸከመውን ብረትና የኋላውን ፍሬን አንድ ላይ አዛምደው ነው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ጥቅል የሚያጎድለው ይህንን ማዛመድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ሚዛን ነው። ከጋራዥ እስከ ቪዲዮ ሁሉም የሚደግመው አባባል ‹ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶው የፊት ፍሬን ነው› ይላል። አባባሉ ለኮሮላ እውነት ነው። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ቆሞ ሳለ እንኳ 60 በመቶ ያህል ክብደቱ የፊት ጎማዎች ላይ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋና እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቆማ ሳለች የፊቱ ድርሻ 40 በመቶ ግድም ነው። በሁለቱ ጥንድ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ነው፤ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ ነው ቢባል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጠንካራ ፍሬን ሲያዝ የፊቱ ድርሻ ከፍ ብሎ 55 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። አስፋልቱ ረጥቦ የመቆም አቅሙ ሲቀንስ ግን የሚደፋውም ክብደት ይቀንሳል፤ ፊቱ 48 በመቶ ብቻ ይሸከማል። በሌላ አነጋገር በክረምት ዝናብ ላይ ፍሬን የያዘች ቮልስ ከግማሽ በላይ ክብደቷ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል። ከሶማሌ ተራ የተገኘ የከባድ መኪና ወይም የአዲስ ሞዴል ትልቅ ካሊፐር የቮልስ አፍንጫ ላይ ሲገጠም፣ የፊት ጎማዎች ገና የኋላዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ ይቆለፋሉ። የተቆለፈ የፊት ጎማ መሪ አይቀበልም። አሽከርካሪው መሪውን ወደ ግራ ቢያዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ደረቅ መንገድ ላይ ሲሞከር ‹እንዴት ያዘ!› ያሰኘው ፍሬን በመጀመሪያው ዝናብ መኪናውን ያለ መሪ ያስቀረዋል። ይህን ፈርቶ ኋላውንም ያበረታ ደግሞ ከባሰው ይገባል፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሲቆለፍ ከባዱ የሞተር ጎን ወደ ፊት ለመቅደም ይታገላል፤ መኪናዋም ትሽከረከራለች። መሐንዲሶች የሚመርጡት የፊቱ ከኋላው በጥቂቱ ብቻ ቀድሞ እንዲቆለፍ ነው። ያ ‹ጥቂት› ደግሞ የሚገኘው በስሌትና በሙከራ ነው። ትልቁን ዲስክ መምረጥ አይተካውም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የተለመደ የፊት ታምቡር ሲሊንደር 22 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ቢባልና በምትኩ 40 ሚሊ ሜትር ፒስተን ያለው ካሊፐር ቢገባ፣ የሚገፋው ገጽ ከ380 ወደ 1,257 ካሬ ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ከ3 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በያንዳንዷ ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ የሚፈለገው ዘይትም በዚያው ልክ ይበዛል። አሮጌው ፓምፕ ያንን ዘይት መላክ ይችላል ወይ? ፔዳሉስ መንገዱን ሳይጨርስ ይደርሳል ወይ? ታምቡር በሽክርክሪቱ ሸራውን ይበልጥ እየጎተተ ራሱን የማጥበቅ ባሕርይ አለው፤ ዲስክ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ከእግር የበለጠ ግፊት ይጠይቃል። ቮልስዋገን በዲስኩ ላይ አጋዥ የአየር ሰርቮ ሳይጨምር የቻለው አፍንጫዋ ቀላል ስለሆነ ነው።

የታምቡር ፓምፕ በውስጡ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ሸራዎቹ በጣም ርቀው እንዳይመለሱ ነው። ያ ቫልቭ ሳይወጣ ዲስክ ከተገጠመ ሸራው ዲስኩን መልቀቅ ያቅተዋል፤ እየፋቀ ይሄዳል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ባለቤቱ ‹ነዳጅ መብላት ጀመረች› ይላል፤ መካኒኩ ካርቡራተሩን ይፈታል። ችግሩ ግን የፍሬን ፓምፑ ውስጥ ተቀምጧል። ዲስክ በተገጠመባቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ከሚታወቁት ስሕተቶች ዋነኛው ይኸው ነው፤ ለማስወገድ ደግሞ ለዲስክ የተሠራ ፓምፕ መግዛት ይበቃል።

ስለ ፓምፕ ከተነሣ ከዲስክ የሚቀድም ወጪ አለ። ከ1967 በፊት የተሠሩ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ነው፤ አንድ ቱቦ ሲያፈስ አራቱም ጎማዎች በአንዴ ያለ ፍሬን ይቀራሉ። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የተሠሩ የመንገደኛ መኪናዎች መስመራቸው ለሁለት የተከፈለ እንዲሆን ግዴታ አድርጋለች፤ የአንዱ ጥንድ ጎማ ቱቦ ቢበጠስ ሌላው ጥንድ ይቀራል። ባለ አንድ መስመር ቮልስ ላይ ዲስክ የሚያስገጥም ሰው የቤቱን በር ሳይጠግን መስኮቱን በመስታወት እንደሚያስጌጥ ነው። በጀቱ ለሁለቱ ካልበቃ ገንዘቡ ወደ ባለ ሁለት መስመር ፓምፕ መሄድ አለበት። ይህ ምክር ለዓይን ምንም አያሳይም፤ ምናልባት ብዙ ሰሚ ያላገኘው ለዚህ ይሆናል።

ማቀፊያው ብረትም የራሱ ጣጣ አለው። ካሊፐሩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያያይዘው ይህ ቁራጭ ብረት አንዳንዴ በግምት ይቆረጣል። 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና አጥብቆ ሲቆም በአንድ የፊት ጎማ ላይ የሚያርፈው የመያዝ ኃይል 1,950 ኒውተን ያህል ነው። ጎማው ከመሐሉ እስከ መሬት 31 ሴንቲ ሜትር፣ ሸራው ደግሞ ከመሐሉ 11 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ካሊፐሩ ላይ የሚደርሰው ኃይል ሦስት እጥፍ ያህል ያድጋል፤ 5,500 ኒውተን ግድም ይሆናል። በገበያ ቋንቋ ሲነገር ከአምስት ኩንታል ተኩል ጤፍ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሁለት ቡሎኖች ላይ በቅጽበት ይወርድና በቅጽበት ይነሣል። ብረትን የሚሰብረው አንድ ትልቅ ጭነት ብቻ አይደለም፤ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ መካከለኛ ጭነትም ከማዕዘን የምትጀምር ስንጥቅ ይወልዳል። ስለዚህ የማቀፊያው ማዕዘን ሹል መሆን የለበትም፤ ቡሎኑ ጥንካሬው ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ የሚጠብቀውም በመለኪያ ቁልፍ ነው።

ብየዳ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ጎማውን የሚሸከመው ብረት በፋብሪካ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ብየዳ የሚያሞቀው አካባቢ ሲቀዘቅዝ ጠባዩ ይለወጣል፣ ሊሰባበርም ይችላል። ከውጭ ሲታይ ያማረ ብየዳ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ያ ብረት ከተሰበረ የሚጠፋው ፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ ጎማውም ይሄዳል።

የአገር ቤት መካኒክ ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅሬታውም ያለ ምክንያት አይሆንም። ንድፍ ሳይኖረው፣ መለዋወጫ ሳያገኝ፣ በእጁና በጆሮው ብቻ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ መኪና በመንገድ ላይ ያቆየ ሙያተኛ ነው። በአውሮፓ ዕቃውን በሣጥን ተቀብሎ በመመሪያው የሚገጥም ባልደረባው እንዲህ ያለውን ፈተና አያውቀውም። ነገር ግን ጆሮና እጅ የሚያውቁት የሚሰማና የሚዳሰስ ብልሽትን ነው። የፍሬን ሚዛን ዝናብ እስኪዘንብ አይሰማም፤ የብረት ድካም እስኪሰበር አይዳሰስም። እዚህ ላይ የሚጎድለው ችሎታ ሳይሆን መለኪያ ነው፤ መለኪያ ደግሞ በሻንጣ ሊገባ የሚችል ዕቃ ነው።

ዲያስፖራው የሚኖርባቸው አገሮች ለጉዳዩ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመን ውስጥ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ የተደረገበት መኪና የመንገድ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ባለሙያ መርምሮ በሰነዱ ላይ ካላሰፈረለት በስተቀር ከመንገድ ውጭ ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የደኅንነት መሣሪያን እንዳያሰናክሉ የሚከለክለው አምራቹን፣ ሻጩንና ጋራዡን ነው፤ ባለቤቱ በራሱ ጓሮ የሚሠራውን ለየክፍለ ግዛቱ ይተዋል። የጀርመኑ መንገድ ቢሮክራሲው ያንገሸግሻል፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው፤ ምክንያቱም የፍሬን ስሕተት የሚጎዳው የሠራውን ሰው ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ለዚህ ጥሩ በር ነው። የተቀየረ ፍሬን ይዞ የሚቀርብ መኪና ከግራና ከቀኝ ጎማው የሚለካው ኃይል ይመዝገብ፤ የኋላውም እንዲሁ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንድ ጥንድ ላይ የደካማው ጎማ ኃይል ከጠንካራው 70 በመቶ በታች ሲሆን እንደ ከባድ ጉድለት ይቆጥረዋል። ይህን ለመዋስ አዲስ ሕግ እስኪረቅ መጠበቅ የግድ አይደለም፤ ሐቀኛ ጋራዥ ዛሬውኑ በራሱ ወረቀት ላይ ሊጀምረው ይችላል።

ሥራው ሲያልቅም መኪናው በቀጥታ ወደ ከተማ አይወጣም። በመጀመሪያ አፍንጫው ይነሣና መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ይዞራል፤ የፍሬኑ የጎማ ቱቦ የሚወጠርበትና ቸርኬውን የሚነካበት ቦታ መኖር የለበትም። ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ ጎማው በእጅ በነጻነት መዞር አለበት። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ፣ ቀጥሎም ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ሳይቆሙ በመቀነስ ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲለማመድ ይደረጋል። የመጨረሻው ሙከራ ረጠብ ያለ ባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰው ይነዳል፣ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ያያል። አንድ ሰዓት የማይሞላው ይህ ሙከራ በሁሉም ጋራዥ መደረግ አለበት፤ ሳይደረግም ገንዘብ ሊከፈል አይገባም።

ውጭ ያለው ላኪም ከመግዛቱ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ‹የቮልስ ዲስክ› የሚባል አንድ ዕቃ የለም። መካኒኮች የፊት እግር የሚሉት፣ በመጽሐፍ ሰስፔንሽን የሚባለው ክፍል በቮልስ ታሪክ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ የጥንቶቹ በኪንግ ፒን፣ ከ1965 ነሐሴ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ በቦል ጆይንት፣ ከ1970 ነሐሴ ወዲህ ያለው ሱፐር ቢትል ደግሞ በማክፈርሰን አሞርቲዛተር የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ማቀፊያ በሌላው ላይ ልክ አይገባም፤ ‹ትንሽ ቢሞረድ ይገባል› የሚለው ቃል የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ቸርኬውም አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ወይም አራት ቡሎን በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጥቅል ጎማውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ጎማው መከላከያውን ከመነካቱ ሌላ፣ የግራና የቀኝ ፍሬን ትንሽ በተለያየ ቁጥር መሪውን ከእጅ የሚነጥቅ ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ ላኪው ወንድሙን መጀመሪያ የሚጠይቀው የመኪናውን ዓመት፣ ጎማው ወልቆ ከፊትና ከጎን የተነሣ ፎቶ፣ የቸርኬውን ቡሎን ብዛትና በፓምፑ ላይ ያለውን የቱቦ ቁጥር ነው። ሻንጣው ውስጥም ከዲስኮቹ ጎን ባለ ሁለት መስመር የዲስክ ፓምፕ፣ አዲስ የጎማ ቱቦዎች፣ አንድ ሊትር ዶት 4 ዘይትና የቡሎን መለኪያ ቁልፍ ይግባ።